አጭር የውጭ ጉዞ ፍተሻ በጠበቀበት ዘመን፦ ሻንጣችንን ለየትኛው አውሮፕላን ማረፊያ እናዘጋጅ?

በቅርብ ጊዜ ስለ አውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ የተሰሙት ዜናዎች እርስ በርሳቸው የሚጣረሱ ይመስላሉ። በጁላይ 2025 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር መንገደኞች ጫማ እንዲያወልቁ ሲያስገድድ የቆየበትን ደንብ አነሣ። በዚያው ወር የኤድንብራና የበርሚንግሃም አውሮፕላን ማረፊያዎች እስከ ሁለት ሊትር በሚይዝ ዕቃ የተሞላ ፈሳሽ በእጅ ሻንጣ ማለፍ እንደሚችል አስታወቁ። ብዙም ሳይቆይ ግን በሴፕቴምበር የሄትሮው፣ የብራስልስና የበርሊን የመንገደኞች ምዝገባ በሳይበር ጥቃት ተስተጓጎለ፤ የኮፐንሃገን አውሮፕላን ማረፊያም በድሮኖች ምክንያት ለሰዓታት ተዘጋ። በኦክቶበር ደግሞ ኤሚሬትስ አየር መንገድ በበረራ ላይ ፓወር ባንክ (ስልክ የሚሞላ ተንቀሳቃሽ ባትሪ) መጠቀምን ከለከለ፤ በአውሮፓ የሼንገን አገራት (እርስ በርሳቸው የድንበር ቁጥጥር ያስቀሩ አገራት) ድንበሮችም የጣት አሻራና የፊት ምስል መመዝገብ ተጀመረ።

ከእነዚህ ዜናዎች ግማሹን የሰማ ሰው «ፍተሻው ላልቷል» ይላል፤ ሌላውን ግማሽ የሰማ «እንደ አሁን ጠብቆ አያውቅም» ይላል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ቁጥጥሩ በአንዳንድ ቦታና በአንዳንድ ዕቃ ላይ ረግቧል፣ በሌላው ላይ ከብዷል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከአገር አገር፣ አልፎ ተርፎም ከአንዱ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሌላው የተለያየ ሆኗል። ይህ ልዩነት ማንንም ከሚጎዳው በላይ የሚጎዳው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ወደ አንድ የውጭ ከተማ ሄዶ የሚመለሰውን መንገደኛ ነው። ለምን እንደሆነና ለእንዲህ ያለው ጉዞ መዘጋጀት ምን እንደሚጠይቅ ለመረዳት ደንቦቹ ከየት እንደመጡና በምን መንገድ እንደሚሠሩ ማየት ያስፈልጋል።

ጫናው በአጭር ጉዞ ላይ ለምን ይበረታል?

የጉዞው ቀናት ስላነሱ ፍተሻው አያጥርም። ለወር የሚሄደውም ሆነ ቅዳሜና እሑድን አሳልፎ የሚመለሰው የሚቆሙበት ሰልፍ፣ የሚያወልቁት ቀበቶና የሚያሳዩት ፓስፖርት አንድ ነው። ዓርብ ማታ ተነሥቶ እሑድ ማታ የሚመለስ ሰው ግን በመሄጃው ሁለት፣ በመመለሻው ሦስት ሰዓት በሰልፍ ላይ ቢያጠፋ ሊጎበኘው ካሰበው ጊዜ ግማሽ ቀን ያህል አለቀ ማለት ነው። በረራ ቢያመልጠውና በማግስቱ ቢሳፈር ደግሞ የጉዞው ትልቁ ክፍል ይቀራል፤ የወር ጉዞ ያለው ሰው በዚህ የሚያጣው አንድ ቀን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የሻንጣው ዓይነት ነው። ለአጭር ጉዞ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ በአውሮፕላኑ ሆድ የሚጫን ሻንጣ አይዝም፤ ንብረቱን ሁሉ በእጅ ሻንጣ ይይዛል። ይህም፣ ሻንጣ ለማስረከብ ከመሰለፍና ሲደርስም ሻንጣ ከመጠበቅ ያድነዋል። በአንጻሩ ለሚጫን ሻንጣ የማይከለከሉት ሻምፖው፣ ሎሽኑ፣ መቀሱና ምላጩ ሁሉ ጥብቅ በሆነው የእጅ ሻንጣ ፍተሻ እንዲያልፉ ይገደዳሉ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ለምሳሌ ስለቱ ከስድስት ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ መቀስ ወደ መንገደኞች ክፍል አይገባም። በሌላ አነጋገር፣ አጭር ጉዞ የሚያደርግ ሰው ያለው ጊዜ ትንሽ፣ ለጥብቁ ፍተሻ የሚያቀርበው ዕቃ ደግሞ ብዙ ነው።

እያንዳንዱ ደንብ የአንድ ጥቃት መልስ ነው

የአውሮፕላን ማረፊያ ደንቦች ባንድ ጊዜ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተጽፈው የወጡ ሥርዓት አይደሉም። እያንዳንዳቸው ከደረሰ ወይም ሊደርስ ከነበረ አደጋ በኋላ የተጨመሩ ናቸው። በዲሴምበር 21 ቀን 1988 የፓን አም 103 በረራ በስኮትላንድ ሎከርቢ ሰማይ ላይ ሲፈነዳ 270 ሰዎች ሞቱ፤ ፈንጂው የነበረው ባለቤቱ ባልተሳፈረበት ሻንጣ ውስጥ ነበር። ዛሬ ሻንጣ አስረክቦ በር ላይ ያልተገኘ መንገደኛ ሲኖር አውሮፕላኑ ቆሞ ሻንጣው እስኪወርድ የሚጠበቀው በዚህ ዓይነት ጥቃት ምክንያት ነው። ተሳፋሪዎችን የሚያሰለቸው ይህ መዘግየት ምክንያቱ ሲታወቅ ሌላ መልክ ይይዛል።

ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ አሜሪካ በግል ኩባንያዎች እጅ የነበረውን ፍተሻ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት አስረከበች። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ከፓሪስ ወደ ማያሚ በሚበር አውሮፕላን ላይ አንድ ተሳፋሪ በጫማው የደበቀውን ፈንጂ ለመለኮስ ሞክሮ ተያዘ፤ ጫማ የማውለቅ ደንብ መነሻው ይህ ነው። በኦገስት 2006 የብሪታንያ ፖሊስ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ በተደበቀ ፈሳሽ ፈንጂ ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚበሩ አውሮፕላኖችን ለማፈንዳት የተጠነሰሰ ሴራ አከሸፈ፤ የ100 ሚሊ ሊትር ገደብ ከዚህ መጣ። በ2009 የገና ዕለት ከአምስተርዳም ወደ ዲትሮይት ሲበር በነበረ አውሮፕላን ላይ በውስጥ ልብስ የተደበቀ ፈንጂ ሳይሠራ ቀረ፤ ሰውነትን የሚያነቡ ስካነሮች በፍጥነት የተስፋፉት ከዚያ ወዲህ ነው።

ይህ ታሪክ ሁለት ነገር ያስረዳል። አንደኛ፣ ደንቦቹ ያለ ምክንያት የወጡ አይደሉም። ሁለተኛ፣ ደንብ ማውጣት ቀላል፣ ማንሣት ግን ከባድ ነው፤ አንድን ክልከላ ያነሣ ባለሥልጣን በማግስቱ ጥቃት ቢደርስ ተጠያቂው እሱ ነውና። በጫማ የተሞከረው ጥቃት በ2001 ሆኖ ደንቡ በአሜሪካ የተነሣው በ2025 መሆኑ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

የፈሳሽ ገደብ ተነሥቷል ወይስ አልተነሣም?

በሰዉ ዘንድ ትልቁ ግራ መጋባት ያለው እዚህ ላይ ነው። የቀድሞው ኤክስሬይ የሻንጣውን ይዘት በአንድ ጠፍጣፋ ምስል ላይ ደራርቦ ያሳያል፤ ጠርሙስ እንዳለ ይታወቃል እንጂ ውስጡ ውሃ ይሁን ሌላ ነገር በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። ስለዚህ ባለሥልጣናቱ የፈሳሹን ዓይነት መለየት ባይችሉም መጠኑን ገደቡ፦ እያንዳንዱ ዕቃ ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ፣ ሁሉም በአንድ ሊትር በሚይዝ ተከፍቶ በሚዘጋ ግልጽ ላስቲክ ውስጥ እንዲገቡ።

አዲሱ መሣሪያ በሆስፒታል እንደሚታወቀው ሲቲ ስካን በሻንጣው ዙሪያ እየተሽከረከረ በርካታ ምስሎችን ያነሣና በኮምፒውተር አገናኝቶ ባለ ሦስት ገጽታ ምስል ይሠራል። ፈታሹ ምስሉን በስክሪን ላይ እያዞረ ማየት ይችላል፤ ሶፍትዌሩም የእያንዳንዱን ዕቃ እፍጋት አስልቶ ለፈንጂ የሚቀርበውን ይጠቁማል። ላፕቶፕና ፈሳሽ ከሻንጣ ሳይወጡ ማለፍ የተቻለው በዚህ ነው። መሣሪያው ግን ውድና ከባድ ነው፤ አንዳንድ ተርሚናሎች እሱን ለመትከል ወለላቸውን ማጠናከር ነበረባቸው። የብሪታንያ መንግሥት ለትላልቅ አውሮፕላን ማረፊያዎች የሰጠው የጁን 2024 የጊዜ ገደብ የተራዘመውም ተከላው ስለዘገየ ነው።

መሣሪያው ተተከለ ማለት ገደቡ ተነሣ ማለትም አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በሴፕቴምበር 1 ቀን 2024 አዲሶቹ ስካነሮች ባሉባቸው አውሮፕላን ማረፊያዎችም ጭምር የ100 ሚሊ ሊትሩ ገደብ እንዲመለስ አድርጎ ነበር። በጁላይ 2025 ደግሞ መስፈርቱን ያሟላ መሣሪያ ላላቸው አውሮፕላን ማረፊያዎች ገደቡን የማንሣት መንገድ ከፈተ። ዛሬ ያለው ሁኔታ ስለዚህ የተደባለቀ ነው፤ በአንድ ተርሚናል ሁለቱም ዓይነት መሣሪያ ጎን ለጎን ሊሠሩ ይችላሉ፣ መንገደኛውም ወደ የትኛው መስመር እንደሚመራ አስቀድሞ አያውቅም።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ መርህ አንድ ነው፦ የእጅ ሻንጣ የሚዘጋጀው በመንገዱ ላይ ካሉት አውሮፕላን ማረፊያዎች ጥብቁ በሚጠይቀው ልክ ነው። በመነሻው ከተማ 500 ሚሊ ሊትር ሽቶ ያለ ችግር ያለፈ ሰው በመመለሻው ከተማ ሽቶውን ጥሎ ሊሄድ ይችላል። በጣም የሚያሳዝነውም ይኸኛው ነው፤ የሚጣለው ዕቃ ብዙውን ጊዜ ከጉዞው ላይ የተገዛ ስጦታ ነውና።

ሁለት ዝርዝሮች ደግሞ በተደጋጋሚ ይዘነጋሉ። የሚቆጠረው ዕቃው የሚይዘው መጠን ነው እንጂ በውስጡ የቀረው አይደለም፤ ግማሹ ያለቀ የ150 ሚሊ ሊትር የጥርስ ሳሙና ቱቦ ገደቡ በሚሠራበት ቦታ አያልፍም። «ፈሳሽ» የሚባለውም የሚጠጣው ብቻ አይደለም፤ ጄል፣ ክሬም፣ የሚረጭ ሽቶ፣ ማር፣ ጃምና እርጎ ሁሉ ከፈሳሽ ይቆጠራሉ። የሕፃን ወተትና ለጉዞው የሚያስፈልግ መድኃኒት ከገደቡ ነጻ ናቸው፤ ሆኖም ለብቻቸው ወጥተው መታየት አለባቸው፣ ለመድኃኒቱም የሐኪም ማዘዣ ይዞ መገኘት ጥያቄውን ያሳጥራል።

በመተላለፊያ ከተማ አውሮፕላን ለሚለውጥ ሰው ከቀረጥ ነጻ ሱቅ የተገዛ ፈሳሽ የራሱ ሥርዓት አለው። ሱቁ ዕቃውን ቢከፈት በሚያስታውቅ ልዩ ከረጢት አሽጎ ከደረሰኙ ጋር ይሰጣል። ከረጢቱ እስከ መጨረሻው መዳረሻ ካልተከፈተ በብዙ አገር ሁለተኛውን ፍተሻ ያልፋል፤ በመካከል ከተከፈተ ግን ይህ ዕድል ያበቃል።

ባትሪ፦ ጥብቀቱ የጨመረበት ዕቃ

ፈሳሹ ሲላላ ባትሪው ጠብቋል። እዚህ ላይ የተፈራው አሸባሪ ሳይሆን እሳት ነው። የሊቲየም ባትሪ ሲጎዳ፣ በምርት ጉድለት ወይም በአያያዝ ምክንያት በውስጡ አጭር ዙር (ሾርት ሰርኪት) ሲፈጠር፣ የአንዱ ክፍል ሙቀት ቀጣዩን እያጋለ ራሱን በራሱ የሚያፋጥን ግለት ይነሣል። በዕቃ መጫኛው ክፍል ያለው የእሳት ማጥፊያ ጋዝ ነበልባሉን ቢያጠፋም ይህን ግለት ማቆም አይችልም። በመንገደኞች ክፍል ውስጥ ግን ጭሱ ወዲያው ይታያል፤ የበረራ አስተናጋጆችም በውሃ ያቀዘቅዙታል። ለዚህ ነው በአውሮፕላኑ ሆድ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ፓወር ባንክና ትርፍ ባትሪ የተከለከለው፣ በእጅ ሻንጣ ግን የተፈቀደው። ከፈሳሽ ደንብ ተቃራኒ ስለሆነ ሁለቱን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው።

በጃንዋሪ 28 ቀን 2025 በደቡብ ኮሪያ ጊምሄ አውሮፕላን ማረፊያ ለመነሣት የተዘጋጀ የኤር ቡሳን አውሮፕላን ተቃጠለ፤ በውስጡ የነበሩት 176 ሰዎች በሕይወት ወጡ። መርማሪዎች ለእሳቱ መነሻ ሳይሆን አይቀርም ያሉት ከላይ ባለው የዕቃ መደርደሪያ ውስጥ የነበረን ፓወር ባንክ ነው። ደቡብ ኮሪያ ከማርች 1 ጀምሮ ፓወር ባንክ በመደርደሪያው ውስጥ እንዳይቀመጥና መንገደኛው አጠገቡ እንዲይዘው አዘዘች። የሲንጋፖር አየር መንገድ ከኤፕሪል፣ ኤሚሬትስ ከኦክቶበር 1 ጀምሮ በበረራ ላይ መጠቀሙን ከለከሉ፤ ኤሚሬትስ ከዚህ በተጨማሪ አንድ መንገደኛ ከ100 ዋት አወር በታች የሆነ አንድ ፓወር ባንክ ብቻ እንዲይዝ ወሰነ።

ዋት አወር ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን ነው። ብዙዎቹ ፓወር ባንኮች ላይ የሚጻፈው ግን ሚሊ አምፔር አወር ስለሆነ ሒሳቡን ማወቅ ይጠቅማል፦ በሚሊ አምፔር አወር የተጻፈውን በ3.7 ቮልት አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል ነው። 20,000 ሚሊ አምፔር አወር 74 ዋት አወር ይሆናል፣ በብዙ ቦታ ያልፋል። 27,000 የሚለው 99.9 ስለሚመጣ ከገደቡ ጫፍ ላይ ነው። ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከ160 በላይ መንገደኛ ሊይዘው አይችልም። ጽሑፉ የጠፋበት አሮጌ ፓወር ባንክ መጠኑ ስለማይታወቅ ሊወሰድ ይችላል፤ ለጉዞ የሚመረጠው ጽሑፉ በግልጽ የሚነበበው ነው።

አንድ ቦታ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አውሮፕላኑ ሲሞላ ሠራተኞች በመሳፈሪያው በር ላይ የእጅ ሻንጣዎችን ተቀብለው ወደ ዕቃ መጫኛ ይልካሉ። በዚያች ቅጽበት የእጅ ሻንጣው የሚጫን ሻንጣ ሆነ ማለት ነው፤ ፓወር ባንኩ፣ መድኃኒቱና ፓስፖርቱ መውጣት አለባቸው። እነዚህን ከመጀመሪያው በአንድ ትንሽ ከረጢት ለይቶ የያዘ ሰው ከረጢቱን ብቻ መዞ ያወጣል፤ ያልለየ ሰው በሰልፉ መካከል ሻንጣውን መሬት ላይ ዘርግፎ ይፈልጋል።

ወረፋው የሚረዝመው እንዴት ነው?

«በረራ ከመነሣቱ ከአራት ሰዓት በፊት ድረሱ» የሚለው ምክር በሰፊው ይሰማል። ለመረዳት የሚቻል ምክር ቢሆንም ችግሩን በትክክል አያየውም። የፍተሻ መስመር የሚያስተናግደው ሰው ብዛት የተወሰነ ነው። የሚመጣው ሰው ከዚያ በብዙ ሲያንስ ወረፋው አጭር ነው፤ ወደ አቅሙ ሲጠጋ ግን የመጠበቂያው ጊዜ ከሰዉ ብዛት በላይ በፍጥነት ያድጋል። አሥር ሰው ሲጨመር አንዳንዴ አሥር ደቂቃ፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት የሚጨምረው በዚህ ምክንያት ነው። ለዚህም ነው የሳምንት መጨረሻ በረራዎች በሚደራረቡበት የማለዳና የምሽት ሰዓት ሁሉም የበለጠ ቀድሞ ቢመጣ ጭንቅንቁ ወደ ቀደመ ሰዓት ከመሸሽ በቀር የማይቀንሰው።

ቀድሞ መድረስ የራሱ ጉዳትም አለው። ሻንጣ መቀበያው ገና ሳይከፈት የደረሰ ሰው ከፍተሻው በፊት ባለው ክፍት አዳራሽ ይቆያል። በማርች 2016 የብራስልስ፣ በጁን 2016 የኢስታንቡል አታቱርክ አውሮፕላን ማረፊያዎች ላይ የደረሱት ጥቃቶች ይህን ከፍተሻ በፊት ያለውን ስፍራ ያጠቃለሉ ነበሩ። ብዙ ሰው በዚያ ለረጅም ሰዓት እንዲከማች ማድረግ ከደኅንነት አንጻር የሚመረጥ አይደለም፤ ለዚህም ነው የደኅንነት ባለሙያዎች የሰልፉን ፍጥነት ራሱን እንደ አንድ የጥበቃ ሥራ የሚያዩት።

በሰልፉ ውስጥ ጊዜ የሚበላው በአብዛኛው የሰዉ ቁጥር ሳይሆን ወደ ጎን የሚገፋው ሻንጣ ነው። ምስሉ ያልጠራለት ፈታሽ ሻንጣውን ወደ ሁለተኛው መስመር ይልከዋል፤ ባለቤቱ ይጠራል፣ ሻንጣው ይከፈታል፣ እያንዳንዱ ዕቃ ይወጣል፣ አንዳንዴም በጨርቅ ተጠርጎ የፈንጂ ቅሪት መኖሩ በመሣሪያ ይመረመራል። ይህ ምርመራ አንዳንድ ጊዜ በግሊሰሪን የተሠራ የእጅ ሎሽን ወይም የልብ መድኃኒት በሆነው ናይትሮግሊሰሪን ምክንያት ማንቂያ ሊሰጥ ይችላል። መንገደኛው በዚህ ጊዜ መደንገጥ የለበትም፤ መድኃኒቱን በስሙ መናገር ነገሩን በቶሎ ይፈታዋል። ሻንጣ ወደ ጎን የሚገፋበት የተለመደው ምክንያት ግን ቀላል ነው፦ ቻርጀር፣ ገመድ፣ ፓወር ባንክና ካሜራ አንዱ በሌላው ላይ ተከምሮ ምስሉ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ሲሆን። ዕቃዎቹን በሻንጣው ስፋት ዘርዘር አድርጎ መደርደር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ በሰልፉ ላይ የሚያተርፈው ጊዜ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው።

የሠራተኛ ቁጥርም ይወስናል። ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 ቀን 2025 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በበጀት ክርክር ሲዘጋ ፈታሾቹ ያለ ደመወዝ ሠርተዋል፤ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ በመጉደሉም በ40 አውሮፕላን ማረፊያዎች በረራ እንዲቀነስ ታዝዞ ነበር። እንዲህ ያለው ወሬ ከጉዞው በፊት በነበረው ሳምንት መከታተል የሚገባው ነገር ነው፤ ደንቡ ሳይለወጥ ወረፋው ሊለወጥ ይችላልና።

ሰነድና አሻራ፦ ሁለተኛው ወረፋ

ስለ ፍተሻ ሲነሣ ዕቃው ላይ ብቻ ማተኮር የተለመደ ነው። በአጭር ጉዞ ላይ ግን ወደ ድንበር ቁጥጥር የተዛወረው ጫና ከዕቃው ፍተሻ የበለጠ ሊሆን ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት የመግቢያና መውጫ ሥርዓት በኦክቶበር 12 ቀን 2025 በ29 አገራት ድንበር ሥራ ጀምሯል፤ እስከ ኤፕሪል 10 ቀን 2026 ድረስ ደረጃ በደረጃ ወደ ሁሉም መግቢያ በር እንዲዳረስ ቀን ተቆርጦለት ነበር። ለአጭር ቆይታ የሚገቡ የሌላ አገር ዜጎች በፓስፖርት ላይ በሚመታ ማኅተም ፈንታ የፊት ምስልና የጣት አሻራ ይሰጣሉ፤ ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች አሻራ አይሰጡም።

ሥርዓቱ ከባድ የሚሆነው በመጀመሪያው ጊዜ ነው። መረጃው ስለሚቀመጥ በሚቀጥለው ጉዞ የሚደረገው ማመሳከር ብቻ ነው። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ ለሁለት ቀን የሚገባ መንገደኛና ለሦስት ወር የሚቆይ መንገደኛ የመጀመሪያውን ምዝገባ እኩል ይከፍላሉ። መውጫም ይመዘገባል፤ ከሼንገን ክልል ውጭ የሚበር ሰው የዕቃ ፍተሻውን ጨርሶ ሱቆች መካከል ሲገባ ሁሉም ያለቀ ይመስለዋል፣ ሆኖም ወደ መሳፈሪያው በር ከመድረሱ በፊት ሌላ የፓስፖርት ሰልፍ ይጠብቀዋል። በሱቅ ውስጥ የቆየው ግማሽ ሰዓት በረራ የሚያስመልጠው እዚህ ላይ ነው።

የሰነዱ ዝግጅት በራሱ ከባድ አይደለም፤ ቀድሞ መታየት ብቻ ይፈልጋል። ወደ ሼንገን አገራት ለሚገባ የሌላ አገር ዜጋ ፓስፖርቱ ከወጣ ከአሥር ዓመት ያልበለጠና ከመውጫው ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል መሆን አለበት፤ በርካታ ሌሎች አገራት ስድስት ወር ይጠይቃሉ። በቲኬቱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል ይኖርበታል፤ አየር መንገዶች የመንገደኞችን መረጃ ቀድመው ለመዳረሻው አገር ስለሚልኩ ልዩነቱ የሚታየው ከበረራው በፊት ነው። የአንዳንድ አገራት ዜጎች ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይወጡ አውሮፕላን ለመለወጥም የመተላለፊያ ቪዛ ያስፈልጋቸዋል፤ ርካሽ ቲኬት ሲገዛ ይህን አለማየት በመነሻው ከተማ ከበር ላይ ሊያስመልስ ይችላል።

ጥበቃው ራሱ ሲስተጓጎል

በሴፕቴምበር 2025 በደረሰው የሳይበር ጥቃት የተመታው የኮሊንስ ኤሮስፔስ የምዝገባ ሶፍትዌር ነበር። የአውሮፓ ኅብረት የሳይበር ደኅንነት ኤጀንሲ ጥቃቱ ራንሰምዌር መሆኑን አረጋግጧል፤ ራንሰምዌር ማለት መረጃን ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ የሚጠይቅ ጎጂ ፕሮግራም ነው። በየአዳራሹ ሠራተኞች የመሳፈሪያ ወረቀትና የሻንጣ መለያ በእጅ ሲጽፉ ታይተዋል። የተጎዳው በዋናነት በአዳራሹ ያለው ምዝገባና ሻንጣ ማስረከብ ነበር፤ በኢንተርኔት ቀድሞ የተመዘገበና የእጅ ሻንጣ ብቻ የያዘ ሰው የተሻለ ዕድል ነበረው። የመሳፈሪያ ወረቀቱን በስልክ ላይ ማስቀመጥና አንድ ቅጂ በወረቀት ማተም እንደ ድሮ ልማድ ሊታይ ቢችልም ባትሪ ሲያልቅ ወይም መረብ ሲቋረጥ የሚያድነው እሱ ነው።

ድሮኖቹ ደግሞ መንገደኛው በምንም ዝግጅት የማይከላከለው ችግር ናቸው። በኦክቶበር መጀመሪያ የሙኒክ አውሮፕላን ማረፊያ ሲዘጋ ወደ 3,000 የሚጠጉ መንገደኞች ተጉላልተዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚረዳው መብትን ማወቅ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ 261 መሠረት የደኅንነት ሥጋት ከአየር መንገዱ አቅም በላይ የሆነ ምክንያት ስለሚባል ከ250 እስከ 600 ዩሮ የሚደርሰው ካሳ አይከፈልም። አየር መንገዱ ግን ምግብ፣ እንደ አስፈላጊነቱም የሆቴል ማደሪያ የማቅረብ፣ እንዲሁም ገንዘብ የመመለስ ወይም በሌላ በረራ የመላክ ግዴታው አይቀርለትም። በፍተሻ ሰልፍ ምክንያት በረራ ያመለጠው ሰው ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው፤ በረራው በሰዓቱ ስለተነሣ ይህ ደንብ አይሸፍነውም፣ የጉዞ መድን ውል ሲገባም ይህ አንቀጽ መነበብ አለበት። ሁለት ቲኬት ለየብቻ ገዝቶ የሚያገናኝ ሰውም የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው አየር መንገድ ኃላፊነት የለበትም፤ በአንድ ቲኬት የተያያዘ ጉዞ ይህን ሥጋት ያቀላል።

ጥብቀቱ ይጠቅማል?

የፍተሻ ተቃዋሚዎች መከራከሪያ ጠንካራ ነው። ደንቦቹ የሚከላከሉት ያለፈውን ጥቃት እንጂ የሚመጣውን አይደለም ይላሉ። በ2015 የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር መርማሪዎች መንገደኛ መስለው የተከለከሉ ዕቃዎችን ለማሳለፍ ባደረጉት ሙከራ ከ70ው በ67ቱ መሳካታቸው ይፋ ሲወጣ ይህ ክርክር ክብደት አግኝቷል። የመንገደኛን ጠባይ በማየት አጥፊን ለመለየት የተዘረጋውን ፕሮግራምም የአሜሪካ የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በ2013 መርምሮ በቂ ማስረጃ ስለሌለው ገንዘቡ እንዲገደብ መክሮ ነበር።

ደጋፊዎች በበኩላቸው ፍተሻ የሚመዘነው በያዘው ብቻ ሳይሆን ባስቀረውም ጭምር ነው ይላሉ፤ አጥፊው ማለፉን እርግጠኛ መሆን ሲሳነው ዕቅዱን ይተዋል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ስለ አቪዬሽን ደኅንነት ባወጣው አባሪ 17 የተባለ ሰነድ ላይ የማይገመቱና በዘፈቀደ የሚደረጉ እርምጃዎችን የሚያበረታታውም ከዚህ አስተሳሰብ ነው። አንዳንዱ መለያየት ስለዚህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ያለ ምክንያት ለተጨማሪ ምርመራ የሚጠራ መንገደኛ ጥፋተኛ ተብሎ ሳይሆን ዕጣው ደርሶበት ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ ወገን ደግሞ ቀድመው የተመረመሩ መንገደኞች በቀላል መስመር አልፈው ጉልበቱ በሌሎች ላይ እንዲውል ይፈልጋል። አካሄዱ ወረፋ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ክፍያና ዜግነት መስፈርት ሲሆኑ ፍጥነቱ ለአንዳንዶች ብቻ የሚሰጥ ጥቅም ይሆናል፣ ይህም ሊናቅ የማይገባ ቅሬታ ነው።

በእኔ ግምት መንገደኛውን የሚጎዳው የደንቡ ጥብቀት ሳይሆን ሊታወቅ አለመቻሉ ነው። ጥብቅ ቢሆንም በሁሉም ቦታ አንድ የሆነ የፈሳሽ ወይም የባትሪ ደንብ ለመዘጋጀት ይመቻል። ፈታሹ ማንን እንደሚመርጥ አለመታወቁ ለጥበቃው ይጠቅም ይሆናል፤ የ200 ሚሊ ሊትር ሎሽን ያልፋል ወይስ አያልፍም የሚለው አለመታወቁ ግን ለማንም አይጠቅምም፤ ዓለም አቀፉ ድርጅትና አገራቱ ቅድሚያ ሰጥተው ሊያስተካክሉት የሚገባም ይህን ነው።

መመለሻውን ቀድሞ ማቀድ

አብዛኛው ሰው የሚዘጋጀው ለመሄጃው ነው። መሄጃው ግን ከሚያውቀው ከተማ፣ ከሚያውቀው ተርሚናል፣ በቤቱ ተረጋግቶ ካሸገው ሻንጣ ጋር ነው። መመለሻው በማያውቀው ተርሚናል፣ በሳምንቱ መጨረሻ ምሽት መጨናነቅ መካከል፣ አዲስ ዕቃ በተጨመረበትና በችኮላ በታሸገ ሻንጣ ይደረጋል። ትርፍ ጊዜ ካለ የሚመደበው ለዚህኛው ነው። የመመለሻው አውሮፕላን ማረፊያ ስለ ፈሳሽና ስለ ላፕቶፕ የሚለውን ከመነሣት በፊት በራሱ ድረ ገጽ ማንበብ፣ አየር መንገዱ ስለ ፓወር ባንክ ያወጣውን ማየት፣ የመውጫ ፓስፖርት ቁጥጥሩ ከዕቃ ፍተሻው በኋላ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ለዚህ ይበቃል። በጉዞው ላይ ፈሳሽ ነገር የሚገዛ ሰው ግዢውን ከፍተሻው በኋላ ወዳለው ሱቅ ቢያዘገየው ወይም ከመጀመሪያው የሚጫን ሻንጣ ለመመለሻው ብቻ ቢከፍል ከመጣል ይድናል።

በሚቀጥሉት ዓመታት የዕቃው ፍተሻ እየቀለለ፣ የሰነዱ ቁጥጥር እየከበደ የሚሄድ ይመስላል። የአውሮፓ ኅብረት ቪዛ ለማይጠየቁ መንገደኞች ያዘጋጀው ኢቲያስ የተባለ የቅድመ ጉዞ ፈቃድ በ2026 መጨረሻ ሥራ እንዲጀምር ታቅዷል፤ ዋጋውም 20 ዩሮ እንዲሆን ተወስኗል። ብሪታንያ ተመሳሳዩን ፈቃድ ከወዲሁ ትጠይቃለች። ሁለቱም የሚሞሉት ከጉዞው በፊት በኢንተርኔት ስለሆነ ፍተሻው ከአዳራሹ ወደ ቤት መጣ ማለት ነው፤ ዓርብ ማታ ሊበር ቲኬት የሚቆርጥ ሰው ከእንግዲህ ረቡዕ ላይ ማየት የሚኖርበት የመጀመሪያው ነገር የሆቴሉ ዋጋ ሳይሆን ይህ ፈቃድ መኖሩ ነው። የሲቲ ስካነሮቹ ተከላ ደግሞ ከትላልቆቹ ጀምሮ ወደ ትናንሾቹ አውሮፕላን ማረፊያዎች እስኪደርስ ዓመታት ይወስዳል፤ ርካሽ በረራዎች በብዛት የሚነሡት ከእነዚህ ከትናንሾቹ በመሆኑ የ100 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስና ግልጹ ላስቲክ ከአጭር ተጓዡ ሻንጣ ገና አይወጡም።